ስለ ደፋር ነጋዴ ምስጋና

ድፍረት የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። አርበኛ ደፋር ሲባል ምስጋና ነው፤ ልጅ በአባቱ ፊት ደፋር ሲባል ነቀፌታ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ገንዘቡን ለአዲስ ሥራ የሚያወጣ ሰው በየስብሰባው «ሥራ ፈጣሪ» እየተባለ ሲመሰገን ቃሉ አንድ ፊት ብቻ የቀረው ይመስላል። (ፈጣሪ የሚለውን ስም ለሰው መስጠት ለቅኔ ቤት ጆሮ ይከብዳል፤ ነገር ግን ይለፍ።) የምስጋናው ልክ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ልንመረምር ይገባል።

ምስጋናው ከንቱ አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መሬቱ ከመታረስ ብዛት ደክሟል፤ ዝናሙም የታመነ አይደለም። በዚህ አገር ሰው አባቱ እንደ ዘራው ብቻ እየዘራ ይኑር ማለት በረኃብ ይኑር ማለት ነው። በጉና ግርጌ ድንችን መጀመሪያ የተከለ ገበሬ ለገብስ የሚሆነውን መሬት ለማያውቀው ሥር አሳልፎ ሰጥቷል። የድጓ ተማሪም ወደ ቤተልሔም ለመሄድ አኮፋዳውን አንግቶ ሲወጣ ነገ የሚበላውን አያውቅም። እንዲህ ያለ ልብ ከሌለ እርሻም ትምህርትም አይሰፋም።

ለዚህ ምስጋና በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ያለውን የመክሊት ምሳሌ የሚጠቅሱ ብዙዎች ናቸው። አምስት የተቀበለው አምስት፣ ሁለት የተቀበለው ሁለት አተረፈ፤ አንዱን የቀበረው ተወቀሰ። ነገር ግን ምሳሌውን ያስተዋለ ሰው ነግዶ የከሰረ አገልጋይ በውስጡ እንደሌለ ያያል። ገንዘቡም የጌታው ነበር እንጂ የአገልጋዮቹ አልነበረም፤ የተሰጣቸውም በየዐቅማቸው ነው። እንግዲህ ነግዶ ለከሰረው ፍርድን ከዚህ ምሳሌ ልናወጣለት አንችልም፤ የተነገረው ስለ መንግሥተ ሰማያት ነውና።

የሴፍቲኔት መርሐ ግብር በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር እነዚህ ወረዳዎች ከተረጂዎቹ መካከል ነበሩ። ከእርዳታው ጋራም ገበሬው በግ እንዲያረባ፣ ከብት እንዲያደልብ፣ ንብ እንዲያነብ ብድር ተጨመረ። በኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ድኻውን በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር፤ መያዣ ለሌለው ሰው ይህ ታላቅ በር ነው። ነገር ግን አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱ ይከፍላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በብዙው የአገራችን ክፍል እንደ ሆነው ዝናም ሲጠፋ ሣር ይጠፋል፤ በጉ ይከሳል፤ ሁሉም በአንድ ገበያ ሊሸጥ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል። ዕዳው ግን አይከሳም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። አንድ በሬ ያለው ከጎረቤቱ ጋራ በመቀናጆ ያርሳል። ላም በእኩል ስትሰጥ ባለቤቱና አርቢው ጥጃውን ይካፈላሉ፤ ያለ አርቢው ጥፋት ብትሞት ግን ጉዳቱ የባለቤቱ ነው። ድኻው ትርፉን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ ብቻውን እንዲሸከም አልተደረገም።

ስለዚህ ደፋሩን ከማመስገናችን አስቀድሞ ያስያዘው የማን እንደ ሆነ፣ ቢጠፋም ለልጆቹ ምን እንደሚቀር ልንጠይቅ ይገባል። አሥር ቤት ያለው ባለጠጋ አንዱን ቢያጣ ዘጠኙ ይቀሩታል፤ አንድ በሬ ያለው ቢያጣ ግን የሚያርስበት የለውም። ሁለቱን በአንድ ቃል ማመስገን ፍርድ ማጉደል ነው። አመስጋኙ ደግሞ ከራሱ ኪስ ምንም አላስያዘም። በሽልማቱ ቀን ወደ መድረክ የሚጠራው ያተረፈው ነው፤ አብሮት የተበደረው ጎረቤቱ በጉን በርካሽ ሸጦ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዷል።