ዲቃላ

“ዲቃላ” ስድብ ነው፤ “የተዳቀለ ዘር” ግን ምስጋና። ገበሬው የተዳቀለ በቆሎ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ የተዳቀለች ላም ያለው ጎረቤቱን ደግሞ በወተቱ ይቀናበታል። ያው ሰውዬ ግን ልጁ ከሌላ ብሔር ስታገባ ሊያኮርፍ ይችላል። ቃሉ በድሮ ትርጉሙ ከጋብቻ ውጭ ለተወለደ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን እንደኔ አባትና እናታቸው ከሁለት ብሔር ለሆኑም ይወረወራል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ ፐርሲሞን ይመጣብኛል። እስራኤል ያላችሁ አፈርሴሞን የምትሉት፣ ቲማቲም የሚመስለው ብርቱካናማ ፍሬ። የእስያው ዝርያ ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ ነው፤ ከባድ ውርጭ ሲመጣ ግን ዛፉ ይጎዳል። የሰሜን አሜሪካው ብርዱን ከቁብም አይቆጥረው፤ ፍሬው ግን ትንሽ ነው፣ ዘር ይበዛበታል፣ በደንብ ሳይበስል ከነከሱት በታኒኑ አፍ ያኮማትራል።

ክራይሚያ ውስጥ፣ ያልታ አጠገብ፣ በ1812 የተመሠረተ ኒኪታ የሚባል የዕፅዋት ማዕከል አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፓሴንኮቭ የተባለ ተመራማሪ እዚያ የአሜሪካዋን አበባ በእስያው የአበባ ዱቄት አዳቀለ። ቀላል ሥራ አልነበረም። የእስያው 90 ክሮሞዞም አለው፤ የአሜሪካው እንደየአካባቢው 60 ወይም 90 ነው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ነገሩ አይሆንም። በመጨረሻ የተገኘችው ዛፍ ከዜሮ በታች እስከ 25 ዲግሪ አካባቢ ትችላለች። ስሟን ሮሲያንካ አሉት፣ “ሩሲያዊት” ማለት ነው። እናቷ አሜሪካዊት፣ አባቷ እስያዊ፣ እሷ ሩሲያዊት! የሷም መታወቂያ ላይ ለብሔር የተተወው ባዶ ቦታ አንድ ብቻ ነበር መሰለኝ። በኋላ እሷኑ መልሰው ከእስያው ጋር አዳቀሉና ኒኪትስካያ ቦርዶቫያ የምትባል፣ ፍሬዋ ተለቅ ያለ ልጅ ወጣች። ብርድ መቻሏ ግን ከእናቷ ትንሽ ቀነሰ።

እዚህ ላይ “አያችሁ፣ መደባለቅ ጥንካሬ ነው” ብሎ ማጨብጨብ ያምራል። እኔ ግን አላጨበጭብም። አዳቃዩ የሚፈልገውን አስቀድሞ ያውቃል፦ ትልቅ ፍሬ፣ ውርጭ የሚችል ግንድ። ብዙ ችግኝ ያበቅልና ያልሆነለትን ነቅሎ ይጥላል። ለዛፍ ይሁን። ሰውን በዚያ ሚዛን ማየት የጀመሩ መንግሥታት የት እንደደረሱ ግን ያው 20ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቶናል፤ ናዚዎችም “የተሻለ ዘር” ነበር የሚሉት።

ለዚህ ነው “ክልስ እኮ ቆንጆ ነው፣ ጎበዝ ነው” ሲሉኝም ደስ የማይለኝ። በፍቅር እንደሚሉት ይገባኛል። ግን ከሰዳቢው ጋር ሚዛናቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ እኔ በየትኛው በኩል እንደተቀመጥኩ ብቻ ነው። ነገ ቆንጆ ባልሆንስ? ሰነፍ ብሆንስ? ወላጆቼ እኮ የተጋቡት ብርድ የሚችል ልጅ ለማውጣት አይደለም፤ ተዋደው ነው።

ከፐርሲሞኑ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ያ “ንጹሕ” የምንለው የእስያው ዝርያ 90 ክሮሞዞሙ ስድስት ጊዜ 15 ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቹ 30 ብቻ ነው ያላቸው። ማንም አዳቃይ ሳይነካው፣ ከጥንት ጀምሮ በላዩ ላይ ሲደራረብ የኖረ ነገር አለ ማለት ነው። የዛሬ ገበያተኛ ግን “ዋናው ዝርያ” ይለዋል።