ማን ተታለለ?

ስለ ጧፍ አሠራር በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ ምን የሚሉት ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፍልስፍና ሲባል ነፃነት፣ እውነት፣ ፍትሕ ነው እንጂ ስለ ሰምና ስለ ክር ማን ያወራል? ይሁንና የዛሬው ጥያቄያችን የተነሣብን ከመጻሕፍት ቤት ሳይሆን ከከሰል ምድጃ ዙሪያ ነውና ከዚያው እንጀምራለን።

አራዳ ጊዮርጊስን የሚያውቅ ሁሉ ወር በገባ በ23 ከደጁ የሚደረደሩትን ጧፍና ሻማ ሻጮች ያውቃል። በልማዱ ጧፍ ማለት ከንብ ሰምና ከጥጥ ፈትል የሚሠራው ቀጭኑ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ከሱቅ የምንገዛው ነጩ ሻማ ደግሞ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ከሚወጣው ፓራፊን የተሠራ ነው። ሁለቱ ለየራሳቸው ቢቆሙ ምንም ጣጣ አልነበረም። ጣጣው ፓራፊን ከሰም ጋር ተቀላቅሎ «ጧፍ» ተብሎ ሲሸጥ ነው።

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ጧፍ መሥራት ለመማር የተነሣነው ለመንፈሳዊነት አይደለም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ መግዛት ኪሳችንን ስለጎዳው ነው። ያስተማሩን በተከራየንበት ግቢ የሚኖሩ፣ እማማ የምንላቸው እናት ናቸው። ትምህርቱ ከሰፈፍ ይጀምራል። ሰፈፍ ማለት ጠጅ ሲጣል ማሩ ከሰጠ በኋላ ከላይ የሚንሳፈፈው፣ ተጠልሎ የሚወጣው ነው። ጠጅ ጠጪው ያላየው ትርፍ ለጧፍ ሠሪ ጥሬ ዕቃ ነው። ሰፈፉ ከውሃ ጋር ይፈላና በአቡጀዴ ይጠለላል። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ እንደ ቂጣ ይረጋል፤ ቆሻሻው ከሥሩ ይለጠፋልና በቢላ ይፋቃል። አንዴ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል።

የጠራው ሰም በጣሳ ተደርጎ፣ ጣሳው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ተቀምጦ ይቀልጣል። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ከጋለ ይቀጣጠላል፣ ከተቀጣጠለም ውሃ አይደፋበትም፣ ይከደናል እንጂ። (ጀማሪ የሆነ ሁሉ ከሌላው በፊት ይህን ይያዝ።) ክሩ ከቀጠነ እሳቱ በራሱ ቅላጭ ውስጥ ሰጥሞ ይጠፋል፤ ከወፈረ ይጨሳል፣ ጥላሸት ያበጃል። ከዚያ መንከር፣ ማውጣት፣ ማንጠልጠል፣ ደግሞ መንከር ነው። ክሩ በጋለው ሰም ውስጥ ከቆየ ቀደም ሲል የያዘውን መልሶ ይሰጣል። «ኧረ ልጆቼ፣ ይቀዝቅዝ እንጂ! ማን ያባርራችኋል?» ይሉናል እማማ። በመጨረሻም ለብ እንዳለ በለስላሳ ጣውላ ላይ በመዳፍ እየተንከባለለ ይስተካከላል። የጀማሪ ጧፍ እባብ ነው የሚመስለው፤ ቢሆንም ይነዳል።

የፍልስፍና ተማሪዎች ሰም ሲባል ዴካርት ትዝ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1641 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በሁለተኛው ተመስጦ፣ ገና ከቀፎ የወጣ ሰም ይይዛል። የማሩ ጣዕም፣ የአበባው ሽታ አልለቀቀውም። ወደ እሳት ሲያስጠጋው ጣዕሙም፣ ሽታውም፣ ቅርጹም ይሄዳል፤ ሰምነቱ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሰምን የምናውቀው በስሜት ሕዋሳት ሳይሆን በአእምሮ ፍርድ ነው ይላል። መልካም! ግን ልብ በሉ፤ ያ ሁሉን የተጠራጠረ ሰው ሰም ሻጩን አልተጠራጠረም። የያዘው ነገር ገና ከመጀመሪያው ሰም መሆኑን እንደ ተሰጠ ወሰደው። ለእኛ ደግሞ ጭንቁ እዚያው ላይ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ስለሚደርስ በሙቀቱ ብቻ አይለይም። ቀለሙን ማስመሰል ይቻላል። ሽታውንም ጥቂት እውነተኛ ሰም ይሰጠዋል። የቅልቅሉን ልክ የሚያውቀው ጣሳው አጠገብ የቆመው ሰው ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሰምን ስንንቅ ነው የኖርነው። በቅኔ ሰሙ ላዩ ነው፣ ወርቁ ውስጡ፤ አንጥረኛው በጭቃ የሸፈነውን ሰም አቅልጦ ያፈሰዋል፣ በቦታው ወርቁን ያወርዳል። ለጧፍ ሠሪ ግን ከሰሙ ሌላ ወርቅ የለውም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ግማሹን ፓራፊን ያደረገ ጧፍ ሠሪ ማንን ነው ያታለለው? ገዢው ጧፉን ቤቱ አይወስደውም፤ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጠዋል። እዚያም ይነዳል፣ ያበራል። እግዚአብሔርን ያታለለ እንደሆነ ማንም አይናገርም። ታዲያ ተበዳዩ የት አለ? ይህንኑ ለእማማ ብናቀርብላቸው እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ «የሰው ስለት ነው'ኮ» አሉን። ሌላ አልጨመሩም።

ከመካከላችን አንዱ ይህን አልተቀበለውም። ስለት በልብ ነው፤ ሴትዮዋ ልጇ ከበሽታ ስለዳነላት በሙሉ ልቧ ካቀረበች ስለቷ አልጎደለም፤ እንዲያውም ጉድለት አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ሃይማኖትን ከሚዛን ላይ ያወጣል አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ለእኛ የሚታየን ሌላ ነው። የስለቷ ዋጋ ባይጎድልም ስለቷን በእጇ የተሸከመላት ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው በእሷ ስም ሌላ ነገር አቀረበ። በሕይወቷ ሁሉ ሕመሙ ባይሰማትም ተበድላለች እንላለን። በደል እንዲኖር የግድ ጩኸት መሰማት አለበት ወይ? ከሞተ በኋላ ኑዛዜው የተለወጠበት ሰውም አይጮኽም።

እዚህ ላይ አራዳን ማንሳት ግድ ይላል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ትልቁ ገበያ የነበረው በጊዮርጊስ ዙሪያ ነው። ሻጭና ገዢ፣ ጠጅ ቤትና ደብር በአንድ ሰፈር ሲውሉ ሠሪውን ፊቱ ይዞት ይሆናል፤ ነገ መንገድ ላይ ያገኛታላ! በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉት የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ሄዷል። በ23 ከአራቱም ማዕዘን ተሳፍሮ ይመጣል፣ ከማያውቀው ሰው ይገዛል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ሐቀኝነቱ ከጎረቤት ዓይን ወጥቶ ጣሳው አጠገብ በቆመው ሰው ላይ ብቻ ወድቋል።

ግን ፈራጅ መሆን ለእኛ ቀሎን እንዳይሆን። ንጹሕ ሰም ውድ ነው። ከደጁ ጸሐይ ላይ ተቀምጣ የምትሸጥ እናት ትርፏ የልጆቿ እራት ነው፤ ጧፉንም ራሷ አልሠራችውም፣ ከሌላ ተረክባለች። ንጹሑን በዋጋው ብታቀርብ ከአጠገቧ ያለችው በግማሽ ትሸጣለች፣ ገዢውም ወደዚያው ያዘነብላል። ፓራፊኑን «ፓራፊን ነው» ብሎ በርካሽ መሸጥስ? ነውር የለውም፤ ድሃውም የአቅሙን ያቀርባል። ይሁን እንጂ እንዲህ ብሎ የሚጮኽ ሻጭ እስካሁን አልሰማንም።

ባለፈው ሳምንት ሰፈፉ አነሰን። ከመካከላችን የተረፉ የሻማ ቁራጮች ይጨመሩበት ያለ አለ፤ ለራሳችን ማንበቢያ ነው፣ ማን ይጎዳል? አለን። ጨመርንበት፤ ለእኛ ነውና። እማማ ግን የእኛን ጣሳ ከእሳቸው ጣሳ ለይተው ከበሩ ውጭ አስቀመጡት፤ ክሩንም በሌላ ቀለም እንድናደርገው አዘዙን።