መረቁን ማን ያድርስላቸው?



በመስጊድ በር ላይ እጁን የሚዘረጋ ሚስኪን ቢያንስ ይታያል። ከቤት መውጣት የተሳናቸው አረጋውያን ረሃብ ግን ከግድግዳው አያልፍም። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከበራፋቸው አልፈው አያውቁም። በዒደል አድሃ ማግስት ልጠይቃቸው ስገባ ከሦስት ቤት የተላከ ሥጋ በሳህን ተቀምጧል፤ እርሳቸው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። «ጥርሱ የት አለኝ ልጄ፤ ለሕፃናቱ አስቀምጬው ነው» አሉኝ። ከሦስቱ ቤቶች አንዱ የእኔ ነበር።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠራ ውኃውን እንዲያበዛና ጎረቤቶቹን እንዲያስብ መክረውታል። ልብ እንበል ወገኖቼ፣ ምክሩ ስለ ሙክት ሳይሆን ስለ መረቅ ነው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለገባው ሰው ተልቢና እንዲሠራለት ታዝ ነበር። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚዘጋጅ ሲሆን እኛ አጥሚት ከምንለው ብዙም አይርቅም። ሁለቱም ጥርስ አይጠይቁም!

ሰው ሲያረጅ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ የሰውነቱ የፕሮቲን ፍላጎት ግን አይቀንስም። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለአረጋውያን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ቢያንስ 1 ግራም ይመክራሉ (የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ)። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት 50 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ነው፤ ታዲያ ዳቦና ሻይ የት ያደርሳል? ያውም ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። በደንብ የበሰለ ምስር፣ ወተት፣ እርጎ፣ የተፈጨ ሥጋ ያለበት ሾርባ ከጥሬ ሥጋው ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። የጥም ስሜታቸውም ስለሚደክም ውኃ እስኪጠይቁ መጠበቅ አይገባም።

ስለ ረመዳንም አንድ ነገር ልበል። በእርጅና ምክንያት መጾም ላልቻለ ሰው ሸሪዓው ፊድያን ደንግጎለታል፤ በየቀኑ ምትክ አንድ ሚስኪን ማብላት ነው። ሆኖም የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ «ካልጾምን» የሚሉ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው፤ ልጆችም ላለማስቀየም ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ለእኔ አክብሮት አይመስለኝም።

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ የምስር ሾርባ ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ሰጥቼ ልመለስ ስል «ተቀመጥ እንጂ» አሉኝ። አብረን ጠጣን። ሲጨመርላቸውም እምቢ አላሉም። «ብቻዬን ስሆን እኮ አይወርድልኝም» አሉ።