ደግ ለመሆን ስንት ያስወጣል?

ጌም ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ፊፋ፣ ስንት ለስንት፣ ማን አሸነፈ። ይሄ ምንም ችግር የለውም፤ እኔም እጫወታለሁ። ግን ማሸነፍ ዋና ጉዳያቸው ያልሆነ፣ በጥቂት ሰዎችና በትንሽ በጀት የሚሠሩ፣ ታሪክ ላይ የቆሙ ጌሞችም አሉ። ኢንዲ ይባላሉ። በእኛ ሰፈር ስማቸውን የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም። ከእነሱ መካከል ሦስቱ አንድ ጥያቄ ጥለውብኝ ሄደዋል፦ ደግ ስሆን ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

የመጀመሪያው «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» ነው። ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን ሠርቶ በ2013 አወጣው። ጊዜው 1982 ነው፤ አገሩ አርስቶትስካ የሚባል፣ በዓለም ላይ የሌለ አገር። እናንተ በሥራ ዕጣ የድንበር ፍተሻ ሠራተኛ ሆናችኋል። ሥራችሁ ፓስፖርት ማየት፣ ማኅተም መምታት። በቃ።

መስኮቱን እናውቀዋለን። ሰልፉን፣ «አንድ ወረቀት ይጎድላል»ን፣ «ነገ ተመለስ»ን ማን ይነግረናል? የምናውቀው ግን ከውጭ በኩል ቆመን ነው። ይሄ ጌም ከውስጥ በኩል ያስቀምጠናል። በትክክል ለተስተናገደ ለእያንዳንዱ ሰው 5 ክሬዲት ይከፈላል። ማታ ከዚያች ላይ ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይነሳል። የታመመ ካለ ደግሞ መድኃኒት። ከቀናት በኋላ ወረቀቱ የተሟላ አንድ ሰው ይመጣና ቀጥላ የምትመጣው ሚስቱ መሆኗን ነግሮ ያልፋል። ሚስቱ ትቀርባለች። የመግቢያ ፈቃድ የላትም።

አሳለፍኳት። አረንጓዴውን ማኅተም መታሁላት፤ ደስም አለኝ። ነገር ግን ጌሙ አንድ ሕግ አለው፦ በቀን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥፋቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከደመወዝ መቁረጥ የሚጀመረው ከሦስተኛው ነው። ያን ቀን እስከዚያች ሰዓት አንድም ማስጠንቀቂያ አልነበረብኝም። ስለዚህ ምሕረቴ አምስት ሳንቲም አላስወጣኝም። ሴትየዋ የመጣችው ሁለቱ ካለቁ በኋላ ቢሆንስ? ታሪኳ ያው ነው፤ ልመናዋም ያው ነው። የሚለወጠው የእኔ ኮታ ብቻ ነው።

ይሄ ነገር መስኮት ውስጥ ስላለው ሰው ያለኝን ሐሳብ አወሳሰበው። ጠዋት ሳቅ ብሎ ያስተናገደው ሰውና ከሰዓት በኋላ ቀና ብሎ እንኳ ያላየኝ ሰው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቄ ጥፋቱን አይፍቅለትም። ጌሙም አይፍቅም፤ እንዲያውም አንድ ጠባቂ ይልክባችኋል፤ ሰው ባሳሰራችሁ ቁጥር ጉርሻውን ሊያካፍላችሁ። ከዚያ ወዲያ የመንገደኛውን ወረቀት የምታዩት በሌላ ዓይን ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን የምንስቅበት ተረት፣ ልጅ ታሞ ቤት ሲጠብቅ እንዴት ቀስ ብሎ ምክንያት እንደሚሆን እዚህ ይታያል።

ሁለተኛው «ዚስ ዎር ኦፍ ማይን» ነው። ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ የተባለው የፖላንድ ድርጅት በ2014 ያወጣው ሲሆን መነሻው ከ1992 እስከ 1996 የዘለቀው የሳራዬቮ ከበባ ነው። የጦርነት ጌም ነው፤ እናንተ ግን ወታደር አይደላችሁም። በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎችን ታኖራላችሁ። ቀን ተኳሾች ስላሉ መውጣት የለም፤ ማታ አንዱ ቦርሳ ይዞ የሚበላ ፍለጋ ይወጣል። የፖላንድ መንግሥት በ2020 ለተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ተርታ እንደሚያስገባው አስታውቋል።

እዚህ ላይ ደግነት ነፃ አይደለም፤ የሚወጣውም ከሌላ ሰው ኪስ ነው። ልጆች በር አንኳኩተው ለታመመች እናታቸው መድኃኒት ይለምናሉ። እናንተ ዘንድ ያለው አንድ ፍሬ ነው፤ ውስጥ ደግሞ ሌላ በሽተኛ ተኝቷል። ስሰጥ የምሰጠው የማንን ነው? የሰጠሁት እኔ፤ ትኩሳቱ ያለው ግን ፍራሹ ላይ ባለው ሰውዬ። የተገላቢጦሹም አለ። መሣሪያ የሌላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቤት ገብቶ ምግባቸውን ማንሳት ይቻላል። «ለቤተሰቤ ብዬ ነው» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ የሰረቀው ሰው ግን ቦርሳው ሞልቶ ቤት ሲገባ ሐዘን ይዞት ይገባል። ይህን ጌም መጫወት የማያስፈልጋቸው፣ የኖሩት ሰዎች በአገራችን እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነሱ መዝናኛ ነው ብዬ አላቀርበውም።

ሦስተኛው «በሪ ሚ፣ ማይ ላቭ» ነው፤ የ2017 ሥራ ነው። ኑር የምትባል ሶርያዊት ወደ አውሮፓ ትሰደዳለች። እናንተ እዚያው የቀረው ባሏ ማጅድ ናችሁ፤ ያላችሁም ስልክ ብቻ ነው። ትጽፋለች፤ ትመልሳላችሁ። አንዳንዴ ለሰዓታት ድምፅዋ ይጠፋል። ርዕሱ «ቅበሪኝ» እንደማለት ነው፤ ሶርያውያን ለሚወዱት ሰው የሚሉት፣ ከእኔ በፊት አትሙት ማለት ነው። የዓረብኛው ግሥ የኛው «ቀበረ» ነው። «አፈር ስሆን» እየተባለ ጎርሶ ላደገ ሰው ፍቅርና መቃብር በአንድ ቃል ሲገናኙ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በሊቢያ ወይም በየመን በኩል የወጣ ወንድም ኖሮት «መጨረሻ የታየው» የሚለውን ጽሑፍ እያየ ያደረ ሰውም ሌላ ማብራሪያ አይሻም።

ጌሙ 19 መጨረሻዎች አሉት፤ ሁሉም ደግ አይደሉም። በባሕር ሂጂ ወይስ በየብስ? ይህን ሰውዬ እመኚው ወይስ ሽሺው? ምክሩን የምሰጠው ከልቤ ነው። የተሳሳተ እንደሆነ ግን የምትከፍለው የምወዳት ሰው ናት። ቅን መሆን ማወቅን አይተካም፤ ዝም ማለትም መልስ ነው፤ እሱም ዋጋ አለው።

«ጌም እኮ ነው! የሞተ የለ፣ የተራበ የለ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ወደኋላ ተመልሶ እንደገና መጀመርም ይቻላል፤ በሕይወት አይቻልም። ስለዚህ ጌም ውስጥ ባደረግሁት ነገር ደግ ነኝ አልልም፤ ክፉም ነኝ አልልም። ልብ ወለድ ሳነብ ግን በሌላ ሰው ውሳኔ አዝናለሁ፣ እፈርዳለሁ። እዚህ ጣቱ የእኔ ነው፤ ከመጫኔ በፊት የደረደርኩት ምክንያትም የእኔ ነው። ሴትየዋ ባትኖርም፣ «ስንት ማስጠንቀቂያ ቀረኝ?» ብሎ የቆጠረው ጭንቅላት አለ። ነገ ጠዋት ሥራ ይዞ የሚገባውም እሱው ነው።

ሦስቱም በስልክ ይሠራሉ፤ ውድ ማሽን አይጠይቁም። እኔ ብሆን በ«ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» እጀምር ነበር። ሰው ስታሳልፉም ስትመልሱም ገንዘቡን ሳይሆን ራሳችሁን ተከታተሉ፤ ያን ቀን ደግ የሆናችሁት ስለራራችሁ ነው፣ ወይስ ስላልተቆረጠባችሁ?