የድሉ ባለቤትና የድሉ ረዳት

ከሩቅ አገር መጥቶ ከተወረረ ሕዝብ ጎን የተሰለፈ ወታደር ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና ምስጋናው የድሉን ባለቤትነት እስከ ማስረከብ ሊደርስ ይገባልን? ጥያቄው የፋሺስት ወረራን ታሪክ ለሚያስተምር ሁሉ፣ ይልቁንም ለአርበኞች ምድር ለምዕራብ ሸዋ፣ የሞራል ጥያቄ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም በዘለቀው የዊንጌት ጌድዮን ጦር ውስጥ አምስት አውስትራሊያውያን፣ አንድ መቶ አለቃና አራት ሃምሳ አለቆች፣ በፈቃዳቸው ገብተው ከኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ጋር ዘምተዋል። ቀደም ሲል በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሆባርት ከተባለችው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ የወረዱ ሦስት መርከበኞች በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ከአንዲት ትንሽ መድፍ ጋር ተሰልፈው በኢጣሊያ ጦር ተማርከዋል። አገራቸው ሳትወረር በሰው መሬት ላይ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠዋል። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

ነገር ግን አምስቱ ጎጃም ሲደርሱ ትግሉ አምስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች በ1928 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ድርጅት ተሰልፈዋል። በጊንጪ አካባቢ የተወለዱት ጃጋማ ኬሎ በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ጫካ ገብተው «የበጋው መብረቅ» ለመባል በቅተዋል። ከእነርሱ በስተ ጀርባ ስሙ በመዝገብ ያልሰፈረው ሰፊው ሕዝብ ነበር፤ ስንቅ ያቀበለ፣ ቁስለኛ የደበቀ፣ ጎጆው የተቃጠለበት ገበሬ። ከሩቅ የመጣው ወታደር ቢሸነፍ የሚመለስበት አገር ነበረው፤ ገበሬው ግን ሌላ አገር አልነበረውም። የድሉ ባለቤት ያደረገውም ይኸው መሸሻ ማጣቱ ነው።

ያለ ውጭ እርዳታ ድሉ በዚያ ዓመት ባልተገኘ ነበር የሚል ይኖር ይሆናል። አባባሉ እውነት ቢሆን እንኳ ረዳቱ የደረሰው አርበኛው ባዳከመው ጠላት ላይ መሆኑ አይካድም።

የወታደሩን ልግስና ከመንግሥታት ስሌት መለየትም ያስፈልጋል። እንግሊዝ ኢጣሊያን የወጋችው የቀይ ባሕርን መስመር ለማስከበር ጭምር ነበር፤ ከድሉም በኋላ የጥር 1934 ዓ.ም. ስምምነት ኦጋዴንን በወታደራዊ አስተዳደሯ ሥር አቆየው። ውለታ ወደ ዕዳ የሚለወጠው እንዲህ ነው።

ፍርዱ ለኢትዮጵያም ይሠራል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተዋግተው ወድቀዋል፤ መታሰቢያም ቆሞላቸዋል። የዚያች አገር ነጻነት ባለቤት ግን የራሷ ሕዝብ ነው። ለአውስትራሊያውያኑም የሚገባው ክብር ከዚህ አያንስም፣ አይበልጥምም።

እንግዲህ በአምቦም ሆነ በጌዶ መምህሩ የድሉን ታሪክ ሲያስተምር ከጊንጪው ገበሬ ይጀምር፤ እንግዳውንም በተራው በክብር ያንሣ።