ጠመኔውን ማን ይያዝ?

አክስቴ ሲሬ ውስጥ አንደኛ ክፍልን አሥራ ስድስት ዓመት አስተምራለች። አብሬያት ገበያ ስወጣ "ባርሲስቱ!" ብሎ የሚያስቆማት አይጠፋም፤ ባለጋሪውም ጤፍ ሻጯም ቁቤ የለዩት እሷ ክፍል ነው። ኋላ ላይ "ጎበዝ ነሽ" ተባለችና ከክፍል ወጥታ ሌሎች መምህራንን እንድታግዝ ተመደበች። በዓመቱ እንዴት ነው ስላት፣ "ልጆቼን ለማን ትቼ ነው የወጣሁት?" አለችኝ። በእሷ ቦታ ሰው ስላልተተካ ሁለት ሴክሽን አንድ ላይ ተጨፍልቆ ነበር።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ቶሎ ወደ ስሌት ሮጥኩ። አንድ ክፍል 60 ልጅ ቢይዝ፣ አሥር መምህራንን ስታግዝ 600 ልጅ ደረሰች ማለት ነው። ምኑ ያሳዝናል?

ስሌቱ ግን እርዳታው በእርግጥ ልጆቹ ጋ ይደርሳል ብሎ ይነሳል። በወረቀት ደረጃ መንገዱ አለ፦ ትምህርት ቤቶች በክላስተር ተደራጅተዋል፣ ሱፐርቫይዘር አላቸው፣ ጀማሪ መምህር መካሪ ይመደብለታል፣ ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተቀምጧል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ቅጽ ብቻ ሊያልፍ ይችላል። አክስቴም መጀመሪያ ቅጽ ትሞላ ነበር። አንዷ ወጣት መምህርት "የቡድን ሥራ የለም" የሚለውን አስተያየት አንብባ፣ "እትዬ፣ እነዚህን 70 ልጆች ይዘው አንዴ ያሳዩኝ" አለቻት።

አክስቴ ጠመኔውን ተቀበለች። ክፍሉ ተንጫጫባት፣ ሰዓቱ አለቀባት። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ ቁጭ ብለው በእውነት ያወሩት።

እዚያው አርሲ፣ በቆጂ ውስጥ፣ የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱ ቱሉን አሠልጥነዋል። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የሮጠችው ደራርቱ ናት፤ አሠልጣኝ ለሯጩ ሮጦ አይሰጥም። ሜዳው ላይ ግን ይገኛል፣ እግሩን ያያል። እኔም ሥራ ቦታ የጀማሪ ኮድ ሳይ ኪቦርዱን ነጥቄ ባስተካክለው ይሠራል፤ ልጁ ግን ምንም አልተማረም። ራሴ ኮድ መጻፍ ባቆም ደግሞ ምክሬን ማን ይሰማል?

ስለዚህ "ብዙኃኑ ይበልጣል" የሚለው መልስ ግማሽ ብቻ ይመስለኛል። 600ው ቢጠቀሙ እንኳ የ60ዎቹ ዕዳ አይሰረዝም፤ ያ አንደኛ ክፍል ለእነሱ ተመልሶ አይመጣም። ጎበዝ መምህር የሚያስወጣ ሰው መጀመሪያ "በእሷ ቦታ ማን ይገባል?" ብሎ መጠየቅ አለበት። የምትወጣውም፣ እንዲህ አድርጊ የምትለውን ነገር ሰው ፊት ሞክራ ለመሳሳት መፍቀድ አለባት።

አክስቴ ለምና በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ አስፈቅዳለች። የምታስተምረው ያኔ የተጨፈለቀውን ክፍል ነው። ሁለተኛ ክፍል ደርሰዋል፤ ማንበብ ያልቻሉትን ለይታ ፊት አስቀምጣቸዋለች።