ስለ አእምሮ መድኃኒት፤ ዕረፍቱ የማን ነው?

በአእምሮ ሕመም ለተያዘ ሰው የሚሰጠውን መድኃኒት የሚጠራጠር በየአገሩ አለ፤ ጥርጣሬውም እንደ አገሩ መልኩን ይለውጣል። በኢትዮጵያ፥ ኪኒኑ ሰውን ያደነዝዛል፥ አንድ ጊዜ ከጀመሩትም አይለቅም ይባላል። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ደግሞ የተማረው ሰው ራሱ፥ ሐኪሞች ከልክ በላይ ያዛሉ፥ የመድኃኒት ነጋዴዎችም የሰውን ኀዘን ሁሉ በሽታ አድርገው ይሸጣሉ እያለ ይከሳል። ይህን ጥርጣሬ ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ መናቅ አይገባም፤ እንዳለ መቀበልም ብዙ ሕሙማንን ያለ ረዳት ያስቀራል። እውነተኛውን ጥርጣሬ ከከንቱው የሚለየው ጥያቄ አንድ ይመስላል፤ ይኸውም መድኃኒቱ በተሰጠ ጊዜ የሚያርፈው ማን ነው? በሽተኛው ነው ወይስ አስታማሚው?

በወንጌል የተጻፈው በመቃብር ይኖር የነበረው ሰው ታሪክ ለዚህ ነገር መስተዋት ነው። የአገሩ ሰዎች በእግር ብረትና በሰንሰለት ደጋግመው አስረውት ነበር፤ ያሰሩትም ይፈወስ ብለው ሳይሆን መንገዳቸው ጸጥ እንዲል ይመስላል። በኋላ ልብሱን ለብሶ፥ ልቡ ተመልሶለት፥ ተቀምጦ ባዩት ጊዜ ግን በመደሰት ፈንታ ፈሩ፤ ጌታንም ከአገራቸው እንዲወጣ ለመኑት። ዝምታና ፈውስ ከውጭ ለሚያያቸው ይመሳሰላሉ፤ በደንብ የታሰረውም የዳነውም አይጮኽም።

አውሮፓም በዚህ ስሕተት ውስጥ ብዙ ሄዳለች። የፖርቱጋሉ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ የሕሙማንን የፊት አንጎል ጅማት መቍረጥን ስለ ፈለሰፈ በ1949 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው (ዓመቱ በዚህም ከዚህ በታችም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ከተቈረጡት ሰዎች ብዙዎቹ ጭምት ሆኑ፤ ነገር ግን ፈቃዳቸውና ስሜታቸው አብሮ ተቈረጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዣን ደሌና ፒየር ደኒኬር የተባሉ ሐኪሞች በፓሪስ ከተማ በቅድስት አና ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚን የሚባለውን መድኃኒት ለሕሙማን ሰጡ። ይህ ለብዙዎች እውነተኛ ምሕረት ነበረ፤ ድምፅ ይሰማቸው ለነበሩት ድምፁ ራቀላቸው፥ ለዓመታት ተዘግቶባቸው ከኖሩትም ወደ ቤታቸው የተመለሱ አሉ። ሆኖም ያው መድኃኒትና የእርሱ ዓይነቶች የሆኑት ሌሎቹ ሰውነትን ያገትራሉ፥ እጅን ያንቀጠቅጣሉ፤ ብዙ ዘመን የተወሰዱ እንደ ሆነም አፍና ምላስ ያለ ፈቃድ እንዲንቀሳቀሱ ያደርጋሉ፤ ይህም መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እንኳ የማይለቅበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ኪኒኑ ያደነዝዛል የሚለው ሰው ሁሉ ተረት እያወራ አይደለም።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ነው። የመርሳት በሽታ የያዘው ሽማግሌ ሌሊት ይነሣል፥ በር ይደበድባል፥ የሞተች ሚስቱን ይጠራል፥ የሚያጥበውን ሰው ይገፋል። የሚያስፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ሰው ግን ደመወዝ ይፈልጋል፥ ኪኒን ርካሽ ነው። ስለዚህ ለሌላ ሕመም የተሠራው መድኃኒት ለሽማግሌው ይሰጠዋል፥ ቤቱም ጸጥ ይላል። የአሜሪካ መንግሥት በ1987 ባወጣው ሕግ፥ በመጦሪያ ቤት ያለ ሰው ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል በመድኃኒት እንዳይታሰር ከልክሏል፤ መድኃኒት በሕግ ከማሰሪያ ገመድ ጋር መቈጠሩ ልብ ሊባል ይገባል። በ2005 የዚያው አገር የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ ከእነዚህ መድኃኒቶች አዳዲሶቹ የመርሳት በሽታ ባለባቸው ሽማግሎች ላይ ሞትን እንደሚያበዙ አስጠነቀቀ፤ በ2008ም ማስጠንቀቂያውን ለአሮጌዎቹ ጨመረ። በእንግሊዝ አገር ፕሮፌሰር ሱቤ ባነርጂ በ2009 ለመንግሥቱ ባቀረቡት ምርመራ፥ የመርሳት በሽታ ካለባቸው ሰዎች በዓመት 180,000 ያህሉ ይህ መድኃኒት እንደሚሰጣቸው፥ ጥቂትም ቢሆን ጥቅም የሚያገኙበት ግን ከ36,000 እንደማይበልጡ፥ በመድኃኒቱም ምክንያት በየዓመቱ 1,800 ያህል ተጨማሪ ሞት እንደሚደርስ ገመቱ። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ አገር ትእዛዙ በጥቂት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል ቀነሰ። እንዲህ በቶሎ መቀነስ ከተቻለ፥ ቀድሞውንም ስለ ምን ተሰጠ ማለት ተገቢ ነው።

በዋሺንግተንና በአካባቢዋ በእንደዚህ ያሉ ቤቶች የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ኪኒኑን የሚያዝዘው ሌላ ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌው ከትናንት ይልቅ ዛሬ እንደ ፈዘዘ፥ ማንኪያውንም መያዝ እንዳቃተው ቀድሞ የሚያየው አልጋውን የሚያነጥፍለት ሰው ነው። አይቶ ለአለቃው ቢናገር፥ ባይሰማም፥ ከእርሱ የሚፈለገውን አድርጓል። ሌሊቱ ስለ ቀለለለት ዝም ያለ እንደ ሆነ ግን በማሰሩ ሥራ ተካፋይ ነው፤ ትእዛዙን አልጻፍኩም ማለቱም አያድነውም።

የነጋዴውም እጅ አለበት። ኢሊ ሊሊ የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ኩባንያ ዚፕሬክሳ የሚባለውን መድኃኒት ላልተፈቀደለት ሥራ፥ ከዚሁም ለአረጋውያኑ የመርሳት በሽታ፥ ሲያስተዋውቅ ተገኝቶ በ2009 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማምቷል።

ስለ ኀዘንም ሌላ ክርክር አለ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በሚያወጣው የበሽታዎች መዝገብ፥ ዘመድ የሞተበት ሰው ኀዘን እስከ ሁለት ወር ድረስ በልማድ ድባቴ ተብሎ እንዳይቈጠር ተለይቶ ነበር። በ2013 ይህ ልዩነት ተሻረ፤ ምልክቶቹ ተሟልተው ሁለት ሳምንት ከቈዩ ሐኪሙ በሽታ ነው ሊል ይችላል። የሻሩት ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ በኀዘን የተሰበረ ሰው ራሱን እንዳያጠፋ ብለው ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ሥርዐት ሁለት ሳምንት ማለት ዐርባው ያልደረሰበት፥ ለቅሶ ደራሹም ገና ያላቋረጠበት ጊዜ ነው። እናቱ በሞተች በዐሥራ አምስተኛው ቀን የሚያለቅስ ሰው ዕድርተኛና ካህን እንጂ ኪኒን የሚያሻው አይመስልም። ሞትን መመኘት ከጀመረ፥ ወይም ሙት ዓመቱ አልፎ እንኳ ከአልጋው መነሣት ካቃተው ግን ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ጊዜ ይጠይቃል፥ ብዙ በሽተኛ የሚጠብቀው ሐኪም የሚያጣውም ይህንኑ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጥርጣሬው ይህን ያህል እውነት ከያዘ፥ መድኃኒቱን መጣል ይሻላል ወይ? የሊቲየም ታሪክ መልስ ይሰጣል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ከመጠን ባለፈ የመንፈስ መነሣሣት ለታመሙ ዐሥር ሰዎች ሊቲየምን ሰጥቶ ውጤቱን በ1949 ጻፈ። ከእነዚያ የመጀመሪያው፥ ለዓመታት በሆስፒታል የኖረው ሰው፥ በጥቂት ወር ተሽሎት ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ መድኃኒቱን ተወ፥ ሕመሙም ተመለሰበት፤ እንደ ገና ሲሰጠው ደግሞ መርዙ በሰውነቱ በዝቶ በ1950 ሞተ። መተዉም መብዛቱም በአንድ ሰው ላይ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ሊቲየምን አልጣሉትም፤ በደም ውስጥ ያለውን ልክ እየመዘኑ መስጠትን ተማሩ፥ ራሳቸውን ከማጥፋት የዳኑበትም ብዙዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ያለው ችግር የመድኃኒት መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው። በቡታጅራና በዙሪያዋ በተደረገው የብዙ ዓመት ጥናት፥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከነበረባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ጥናቱ ሲጀመር ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። እንዲህ ያለውን በሽተኛ ቤተ ሰቡ የሚያስረው ጨክኖ አይደለም፤ እንዳይጠፋበት፥ ሰው እንዳይጐዳበት ፈርቶ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ ሰውን ያስራል ብሎ ከሐኪም ቤት ያሸሸው ዘመዱን መልሶ በብረት ሰንሰለት ሲያስረው ማየት ያሳዝናል።

መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ፥ ጠበሉንና መድኃኒቱን በአንድነት መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ገልጸዋል፤ ለአእምሮ ሕሙማን ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታይም። ጠበል የገባ ሰው በሳምንቱ ቀለል ሲለው ኪኒኑን እንዲጥል የሚመክረው ሰው፥ ሕመሙ ከወራት በኋላ ሲመለስ አጠገቡ አይገኝም። ስለዚህ የነፍስ አባት ኪኒኑን ተው ማለት የእርሱ ሥልጣን ባይሆንም፥ የሚጠይቀው ብዙ ነገር አለው፤ እንቅልፉ እንዴት ነው፥ ሥራውን ይሠራል ወይ፥ ልጆቹን ሲያይ ደስ ይለዋል ወይ፥ ሲጸልይ ልቡ ይሰበሰባል ወይስ ደንዝዟል? ደንዝዟል የሚል መልስ ያገኘ እንደ ሆነ፥ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ የሚቀንሰው ወይም መድኃኒቱን በሌላ የሚለውጠው ሐኪሙ ነውና፥ በሽተኛው ፈቃዱ ከሆነ አብሮት እስከ ሐኪሙ በር ሊሄድ ይችላል።